ከካሜራው ኋላ ያለው ሰው እንዴት ፎቶው ውስጥ ይገባል?

የቤተሰቤን የገና ፎቶዎች በተርታ ብታዩ እኔ አገር ውስጥ የሌለሁ ይመስላችኋል። ስድስት ዓመት፣ ስድስት ፎቶ፣ ሁሉም ላይ ያው ስምንት ሰው። ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ፤ ግን ካሜራውን የምይዘውም እኔ ነኝ። የምንሰበሰበው ተፍኪ፣ አያቴ ቤት ነው፤ ከሰበታ አልፋችሁ በጅማ መንገድ ስትሄዱ ሜዳው ግራና ቀኝ የሚዘረጋበት ቦታ። አያቴን አኮ ነው የምንላት። ባለፈው የገና ዋዜማ አልበሙን እያገላበጠች "አንቺስ የታለሽ?" አለችኝ። "ከካሜራው ኋላ ነኛ!" አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። "ነገ እኔ ሳልኖር፣ ከኔ ጋር ያለሽበትን የቱን አውጥተሽ ለልጆችሽ ልታሳዪ ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ፣ ለዓመታት በያዝኩት ካሜራ ላይ የሰዓት ምስል ያለባትን ምርጫ አንድ ቀን እንኳ ነክቻት አላውቅም። ያን ማታ ቁጭ ብዬ አጠናኋት።

ስሟ ሰልፍ ታይመር ነው። (ሰልፍ ያዙ ማለት አይደለም፤ ራሱ ቆጥሮ ያነሳል ለማለት ነው።) ሥራዋ ቁልፉን በመጫናችሁና ፎቶው በመነሳቱ መካከል ጊዜ ማስገባት ነው፤ ካሜራ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 10 ሰከንድ፣ ስልክ ላይ ደግሞ 3 ወይም 10። ድሮ በፊልም ካሜራ ጊዜ ይህን የሚሠራው እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ስፕሪንግ ነበር፤ ዝዝዝ እያለ ይፈታና መጨረሻው ላይ ቀጭ ያደርጋል። ዛሬ የሚቆጥረው የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ከፊት ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ትፈጥናለች።

10 ሰከንድ ሲሰሙት አጭር ይመስላል። ግን ሰው ሲራመድ በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ካሜራው አምስት ሜትር ርቆ ቢቀመጥ ከአራት ሰከንድ በታች ደረሳችሁ ማለት ነው። የተረፈው ስድስት ሰከንድ ረከቦቱን ለመሻገር፣ ቀሚስ ለመሰብሰብና ትንፋሽ ለመዋጥ ይበቃል። ስለዚህ አትሩጡ፤ ሮጦ የደረሰ ሰው ፎቶው ላይ ያስታውቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ብዙ ካሜራዎች ፎከስ የሚያደርጉት ቆጠራው ሲያልቅ ሳይሆን ቁልፉን ስትጫኑ ነው። ሌንሱ ፊት ቆማችሁ ከተጫናችሁት ካሜራው ያተኮረው እናንተ ሆድ ላይ ነው፤ እናንተ ሄዳችሁ ስትቀመጡ እሱ ያንኑ ርቀት እንደያዘ ይጠብቃል፣ ቤተሰቡ በሙሉ ጭጋግ ይሆናል። ከኋላው ቆማችሁ፣ ወደተቀመጡት ሰዎች አነጣጥራችሁ ነው መጫን ያለባችሁ።

በገና ዕለት ይህን ሁሉ በትክክል አደረግሁ። ተጫንኩ፣ ሄድኩ፣ አኮ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ቀጭ አለ። ፎቶው ቆንጆ ነው፤ እኔም አለሁበት። የአኮ ዓይን ግን ተጨፍኗል።

"ዕድል ነው" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዕድል ከሆነ ደግሞ ይሰላል። ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል እንበል፤ አንዱ መርገብገብ 0.3 ሰከንድ ይፈጃል። በ60 ሰከንድ ውስጥ ዓይናችን 4.5 ሰከንድ ይዘጋል ማለት ነው፤ ማለትም 7.5 በመቶ። በአንድ ቅጽበት የአንድ ሰው ዓይን ክፍት የመሆን ዕድል 0.925 ነው። ዘጠኝ ሰው ሲሆን ይህን ቁጥር ዘጠኝ ጊዜ በራሱ ታባዙታላችሁ፤ ውጤቱ 0.5 ገደማ ይመጣል። በአንድ ፎቶ ዘጠኛችንም ዓይናችንን ከፍተን የመገኘታችን ዕድል ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ እንደማግኘት ነው። ስድስት ዓመት አንድ አንድ ፎቶ ብቻ አንስቼ ወደ ቤቴ ስመለስ ኖሬአለሁ!

ይህን ስሌት የሠራሁት የመጀመሪያዋ እኔ አይደለሁም። ኒክ ስቬንሰንና ፒየርስ ባርንስ የተባሉ የአውስትራሊያው የምርምር ተቋም የሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ ባልደረቦች በዚሁ ጥያቄ የ2006ቱን የኢግ ኖቤል የሒሳብ ሽልማት አግኝተዋል። ኢግ ኖቤል መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበት ነው። ያወጡት ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ከ20 ሰው በታች ከሆናችሁ፣ ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን የሰዉን ቁጥር ለሦስት አካፍሉ፣ ብርሃኑ ደካማ ሲሆን ለሁለት። የምታገኙት ማንሳት ያለባችሁን የፎቶ ብዛት ነው። ለእኛ ለዘጠኛችን ከቤት ውጭ ሦስት፣ ከመሸ በኋላ ሳሎን ውስጥ አምስት። ብርሃን ሲያንስ ቁጥሩ የሚጨምረው የካሜራው መዝጊያ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚቆይ፣ መርገብገብ የሚይዘን ጊዜም ስለሚሰፋ ነው። በእኔ ስሌት ሦስት ፎቶ 87 በመቶ ያህል ያስተማምናል፤ ሰባት ደግሞ 99።

እዚህ ላይ በርስት ይመጣል። በርስት ቁልፉን አንዴ ተጭናችሁ ካሜራው ፎቶዎችን ተከታትሎ የሚያነሳበት ነው፤ ምልክቱ ተደራርበው የተቀመጡ አራት ማዕዘኖች ናቸው። "እንግዲያው በሰከንድ አስር እያነሳሁ ልጨርሰው" ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር፤ ስህተት ነው። አንድ መርገብገብ 0.3 ሰከንድ ከቆየ፣ በሰከንድ አስር ስታነሱ ሦስት ተከታታይ ፎቶዎች ያንኑ የተጨፈነ ዓይን ይይዛሉ። ከላይ ያባዛነው እያንዳንዱ ፎቶ ከሌላው ነጻ ነው ብለን ነው፤ የተጠጋጉ ፎቶዎች ግን ነጻ አይደሉም። አንድን ሰው አንድ ጥያቄ አስር ጊዜ ጠይቆ አስር ሰው እንደጠየቁ መቁጠር ነው። ለቡድን ፎቶ የሚያስፈልገው ዘገምተኛ በርስት ነው። ብዙ የኒኮን ካሜራዎች በሰልፍ ታይመሩ ውስጥ እስከ 9 ፎቶና በመካከላቸው ከግማሽ እስከ ሦስት ሰከንድ ክፍተት ያስመርጣሉ፤ ብዙ ካኖኖች ደግሞ ከቆጠራው በኋላ እስከ 10 ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ዘጠኝ ፎቶ፣ በአንድ አንድ ሰከንድ ልዩነት አልኩት። ከዘጠኙ በአራቱ የሁላችንም ዓይን ክፍት ነው። አኮ ከአራቱ አንዱን መርጣ፣ አሁን ግድግዳዋ ላይ ነው።

ስለ ሁለት ሰከንዱ ታይመር ሰው ብዙም አያወራም፤ እኔ ግን ከአስሩ ይልቅ እሱን ነው የምጠቀመው። ሊመሽ ሲል ከብቶች ከሜዳው ሲመለሱ ማንሳት ፈለጋችሁ እንበል። ብርሃን ስለሚያንስ መዝጊያው ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል። በዚያ ቅጽበት ጣታችሁ ቁልፉን ሲጫን ካሜራው ጎንበስ ይላል። በ0.1 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል 40 ሜትር ላይ ያለው ነገር በ7 ሴንቲሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ የላሚቱ ዓይን የት እንዳለ አይታወቅም። በሁለት ሰከንድ ታይመር ግን ትጫናላችሁ፣ እጃችሁን ታነሳላችሁ፣ ንዝረቱ ይበርዳል፣ ከዚያ ይነሳል። ትራይፖድ ከሌላችሁ ሽምብራ ግማሽ ድረስ የሞላችሁበትን ትንሽ ከረጢት ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ ካሜራውን እላዩ ላይ ቀብረር አድርጉት። የበቾ ሜዳ የሽምብራ አገር ስለሆነ ተፍኪ ላይ ይሄ አይቸግርም። ፍሬዎቹ እርስ በርስ እየተፋጩ የንዝረቱን ጉልበት ይበሉታል፤ እንደ ጠረጴዛ አያስተጋቡትም።

ፈጣኑ በርስት ትክክለኛ ቦታው ወፍ ነው። በክረምት አዋሽ ሞልቶ በቾ ላይ ይተኛል፤ ውሃው ሲሸሽ ጭቃው ለወፎች ገበታ ይሆናል። በበጋው ወራት ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም አንገት ወፎች ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ መጥተው በደጋችን ይከርማሉ። ክሬን ከመብረሩ በፊት ጥቂት እርምጃ ይንደረደራል። እናንተ ያን አይታችሁ ጣታችሁ እስኪታዘዝ ሩብ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ወፍ በዚያ ጊዜ ሁለት ሜትር ተኩል ሄዷል። ስለዚህ መንደርደሩ ሳይጀምር ቁልፉን ተጭናችሁ መያዝ ነው።

ግን እስከ መቼ? ካሜራው ስንት ሰከንድ ይችላል? 24 ሚሊዮን ፒክስል ያለው ሴንሰር እያንዳንዱን ፒክስል በ14 ቢት ቢመዘግብ፣ ሳይጨመቅ አንዱ ፎቶ 42 ሜጋባይት ነው፤ በሰከንድ አስር ሲሆን 420። ሜሞሪ ካርዱ ደግሞ በሰከንድ 80 ብቻ ይጽፋል እንበል። ትርፉ ባፈር የሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ይጠራቀማል። ሮቶ አስቡ፦ ከላይ በወፍራም ቱቦ ይገባል፣ ከታች በቀጭን ቧንቧ ይወጣል። ባፈሩ 1000 ሜጋባይት ቢይዝ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ይሞላል፤ ከዚያ ካሜራው ከአስር ወደ ሁለት ይወርድና ወፉ ሲሄድ ቆሞ ያያል። መፍትሔው አጭር አጭር ማድረግ ነው፤ አንድ ሰከንድ ተኩሶ መልቀቅ፣ ሮቶው እስኪጎድል። በጄፔግ ማንሳትም ፋይሉን ስለሚያሳንሰው ይረዳል። ኦሊምፐስ በ2016 ባወጣው ኦ.ኤም-ዲ ኢ-ኤም1 ማርክ 2 ላይ ደግሞ ሌላ ዘዴ መጣ፦ ቁልፉን በግማሽ እንደያዛችሁ ካሜራው ዝም ብሎ ይመዘግባል፣ የቆየውን ይጥላል፤ ሙሉ በሙሉ ስትጫኑ ከመጫናችሁ በፊት የነበሩትን 14 ፎቶዎችም ያስቀምጥላችኋል። የዘገየ ጣት የሚካስበት መንገድ ይህ ነው፤ የእኔ ካሜራ ግን የለውም።

በገና ማግስት ማለዳ ወደ ውሃው ዳር ወረድኩ። ሰባት ክሬኖች ጭቃው ላይ ነበሩ፤ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው አንዱ መንደርደር ሲጀምር ተጫንኩ። ካሜራው "ቲት፣ ቲት፣ ቲት" ማለት ጀመረ። ከቤተሰቡ ፎቶ በኋላ ታይመሩን ወደ ቦታው አልመለስኩትም ነበር። ሰባቱም ተነሱ፣ ከዛፎቹ በላይ ሆኑ፣ ጠፉ። አሥረኛው ሰከንድ ላይ ካሜራዬ ረጋ ብሎ ሥራውን ጀመረ። ካርዱ ላይ ዛሬም አሉ፤ ዘጠኝ ጥርት ያሉ የባዶ ሜዳ ፎቶዎች፣ በመካከላቸው ልክ አንድ አንድ ሰከንድ።