ማን ምን እንደ ነካ

በነርስነት ዘመኔ የማልረሳት አንዲት ሌሊት አለች። አዳሪ ተረኛ ነበርኩ። ጠዋት ርክክብ ላይ አንድ አምፑል ፔቲዲን ጎደለ። ፔቲዲን እንደ ሞርፊን ያለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሱስ ስለሚያስይዝ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ነርሶችም ቆጥረውና ፈርመው ይረካከቡታል። እኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ በሐኪም ትእዛዝ ለሌላ ክፍል ሰጥቼ አስፈርሜአለሁ። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ቅጠሉ ተቀዷል። ተቀባዩም «አላየሁም» አለ። ቁልፉ ያደረው በእኔ ኪስ ነው!

ያወጣኝ የሜትሮናችን ጠባይ ነው። የእያንዳንዱ ፊርማ የካርቦን ግልባጭ በዚያው ሌሊት በቢሮዋ ሣጥን እንዲገባ ታስገድደን ነበር። እኛ በሐሜት አንስተናት አንጠግብም ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት የተቀባዩ ፊርማ ቁጭ ብሎ ተገኘ።

ይህን ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከፈረንሳይ ተነስተን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ትንፋሼን ልሰበስብ እንደ ተቀመጥኩ ስልኩ ጠራ። ሥራው የኮምፒውተር ሰርቨር መጠበቅ ነው። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንዱ ሰርቨር መዝገቡን መላክ አቁሟል» አለኝ። የምን መዝገብ? አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት የሚሠራ ሰርቨር ኦዲት የሚባል ጸሐፊ አለው። ማን እንደ ገባ፣ እንዲጠበቅ የታዘዘውን ፋይል ማን እንደ ከፈተ፣ በመስመር በመስመር ያሰፍራል። አንድ ሠራተኛ በራሱ ስም ገብቶ ኋላ የአለቃውን ሥልጣን ቢዋስ እንኳ፣ መጀመሪያ የገባበት መለያ ከመስመሩ አይጠፋም። ጋውን ቢቀይር ፊርማው ያው ነው።

ችግሩ ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ የያዘ ሌባ መዝገቡንም መቅደድ መቻሉ ነው። ስለዚህ መስመሩ እንደ ተጻፈ ወዲያው ወደ ሌላ ማሽን ይላካል። እዚያ የሁሉም ሰርቨሮች መዝገብ ይሰበሰባል፤ ስሙ፣ ሰዓቱ፣ ድርጊቱ በየዓምዱ ተለይቶ ይተነተናል። አሥር ጊዜ የይለፍ ቃል ተሳስቶ በአሥራ አንደኛው የገባ ካለ ደወል ይሰማል። የሜትሮኗ ሣጥን ማለት ነው።

ሰዓቱ ላይ ሳቅን። ይህ ጸሐፊ «ጠዋት» «ማታ» አያውቅም፤ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ ብቻ ይቆጥራል። ተንታኙ ነው ወደ ሰው ሰዓት የሚመልሰው። እኛ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ አንዱ ሰርቨር በዚያ፣ ሌላው በዚህ ከተነበበ ሌባው በሩ ሳይከፈት ገብቶ ይገኛል።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ብዙዎች የሌላቸውን ገንዘብ ማውጣታቸውን ታስታውሳላችሁ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መውጣቱን ተናግሯል። የሒሳብ መዝገብ የኦዲት መዝገብ ወንድም እንጂ ራሱ አይደለም፤ ቢሆንም ማን ስንት እንደ ወሰደ ስለ ተጻፈ ነው ባንኩ ሰዎቹን በየስማቸው «መልሱ» ያለው። ግን ዝውውሩ የተገታው ሰዓታት ካለፉ በኋላ ነው። መጻፉ አንድ ነገር፣ በሰዓቱ ማንበቡ ሌላ። ሜትሮናችን ሣጥኑን በየጠዋቱ ራሷ ነበር የምትከፍተው።

እኔን የሚያሳስበኝ የበሽተኛ ካርድ ነው። ድሮ ካርድ ክፍል ገብቶ የጎረቤቱን ካርድ የሚያገላብጥ ሠራተኛ በዓይን ይታይ ነበር። አሁን በወንበሩ ተቀምጦ ነው። መዝገቡ የከፋቹን ስም ይያዝ፣ የሕመሙን ዓይነት ግን አይቅዳ፤ አለዚያ ምስጢሩ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። የእህቴ ልጅም በዚህ ተስማማ።

የደም ግፊቴን የምከታተልበት ጤና ጣቢያ በኮምፒውተር መሥራት ጀምሯል። ሰኞ ዕለት ካርድ የምታወጣዋን ልጅ «የእኔን ካርድ ማን እንደ ከፈተው ይጻፋል ወይ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እማማ፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ አለቃዬን እጠይቅልዎታለሁ» አለች። ቀጠሮዬ ከወር በኋላ ነው።