የማይከፈተው የዶርም መስኮት

የላቦራቶሪ ሳህን ክዳኑ ተነሥቶ ሰው ባለበት ዶርም ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢቀመጥና በ37 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ቀን ቢያድር፣ ነጭና ቢጫ ነጠብጣቦች ያበቅላል። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ከአየር ላይ ወርዶ የተራባ ባክቴሪያ ናት። በዚሁ ዘዴ የጅማ ዩኒቨርሲቲን ቤተ መጻሕፍት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ367 እስከ 2595 የሚደርሱ ረቂቅ ሕዋሳት አግኝቷል። ዶርም ደግሞ ተማሪ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍስበት፣ ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ የጠበበ ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲሰማ ጣት የሚቀሰረው በተማሪው ላይ ነው፤ አይጠርግም፣ ልብሱን አያጥብም ይባላል። እኔ ግን ቁጥሩ የሚመሰክረው በአልጋው ብዛትና በመስኮቱ ላይ ነው እላለሁ።

ሰው በሚኖርበት ክፍል አየር ላይ ከሚንሳፈፈው ባክቴሪያ ብዙው ከቆዳችን የሚረግፍ ነው። ብርድ ልብስ ሲራገፍ፣ ወለል በደረቁ ሲጠረግ ይነሣል፤ አብዛኛውም ጤነኛን ሰው አይጎዳም። የሚያስፈራው ሳህኑ የማያሳየው ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ለማደግ ሳምንታት ይፈልጋል፤ የጉንፋን ቫይረስም በዚህ ሳህን ላይ ጨርሶ አይበቅልም። ስለዚህ ነጠብጣቦቹ የበሽታ ቆጠራ አይደሉም፤ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ምን ያህል መልሶ እንደሚስበው የሚጠቁሙ ናቸው። በቻይናዋ ቲያንጂን በዩኒቨርሲቲ ዶርሞች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሥራ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ስድስት ሆነው የሚያድሩ ተማሪዎች በዓመት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ሦስት ሆነው ከሚያድሩት እጥፍ ገደማ ነበር። በታይፔ ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 27 ሰዎች በቲቢ ሲታመሙ የሕንፃዎቹ አየር መተላለፊያ ተስተካከለ። ከአንድ ሚሊዮን እጅ 3200 ገደማ የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ወደ 600 ወረደ፤ ከሕሙማኑ ጋር ንክኪ ከነበራቸው መካከል አዲስ የሚታመመውም በ97 በመቶ ቀነሰ። ቲቢ በሰፊው ከተሠራጨባቸው አገሮች አንዷ ለሆነችው ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

«ንፋስ ይመታናል» የሚለው ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱን መስኮት ከፍቶ ማደር ይከብዳል፤ አርባ ምንጭ ላይ ቢምቢ አለ፤ ምድር ቤት ላለ ተማሪ ደግሞ ሌባም ያሰጋል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚያሳየው መስኮቱ በትክክል እንዳልተሠራ ነው። ከፍ ብላ የምትከፈት፣ ወንፊት ሽቦና ብረት ያላት መስኮት ሦስቱንም ስጋት ታቃልላለች። መፍትሔው ውድ ማሽን ነው የሚለውም አያስኬድም፤ በፔሩዋ ሊማ ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በርና መስኮት ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል እንደሚታደስ ለክቷል፤ ለማሽን የሚመከረው 12 ነው። ከሁሉ የበለጠ አየር የሚያገኙትም ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው የሰፋ አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ። ወለሉን በበረኪና ማጠብም መልካም ነው፤ አየሩን ግን አያድስም።

ተማሪ ከመተኛቱ በፊትና ሲነሣ መስኮት መክፈት፣ ወለሉንም በእርጥብ መወልወል ይችላል። በአንድ ክፍል ስንት ተደራራቢ አልጋ እንደሚገባ የሚወስነው ግን እሱ አይደለም፤ በሚስማር የተመታውን መስኮት የሚያስነቅለውም እሱ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮች ሆይ፣ በመጪው የክረምት ዕረፍት ግድግዳ ከመቀባታችሁ በፊት የማይከፈቱትን መስኮቶች ቁጠሩ።