መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል

የኩራዝ መብራት ሲርገበገብ ምን እንደሚደረግ በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነፋስ ከገባ በሩ ይገጠማል። ክሩ ከከሰለ ጫፉ ይቆረጣል። ጋዙ ካለቀ ይጨመራል። የኤሌክትሪክ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ግን ብዙ ሰው አምፖሉን በእጁ መታ መታ ያደርገዋል። መልሶ ሲበራም «እሰይ፣ ተሻለው» ብሎ ይተወዋል።

ይህ ልማድ አደገኛ ነው። ትኩሳት ራሱ በሽታ አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ በሽታ መኖሩን የሚናገር ምልክት ነው። የመብራት ብልጭ ድርግም ማለትም እንደዚሁ ነው። አንድ ቦታ የላላ፣ ያረጀ ወይም ከአቅሙ በላይ የተጫነ ነገር መኖሩን ይነግረናል። ምልክቱን ከናቅነው ቤት ሊቃጠል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ምልክቱን ካወቅነው ግን ብዙውን ጊዜ ጥገናው ቀላል ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ መብራት ለምን ብልጭ ድርግም እንደሚል፣ የትኛውን ራሳችን ልናበጅ እንደምንችል፣ የትኛውን ደግሞ መንካት እንደሌለብን እንመለከታለን።

1. ኤሌክትሪክና የመስኖ ውሃ

በአገራችን አብዛኛው የኤሌክትሪክ ኃይል የሚገኘው ከወንዝ ውሃ ነው። ለምሳሌ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። ውሃው ከከፍታ ሲወርድ ትልቅ መዘውር ያሽከረክራል። መዘውሩ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መሣሪያ ያዞራል። ከዚያም ኤሌክትሪኩ በሽቦ ተጉዞ ከቤታችን ይደርሳል።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲሄድ በቦይ እንደሚሄድ የመስኖ ውሃ አድርገን ልናስበው እንችላለን። ውሃ እንዲሄድ ግፊት ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ግፊት በቮልት ይለካል፤ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የመስኖ ውሃ ማሳው ላይ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ግን በአንድ ሽቦ ይመጣል፤ በሌላ ሽቦ ይመለሳል። መምጫው ሽቦ ፌዝ፣ መመለሻው ኒውትራል ይባላል። ከሁለቱ አንዱ ከተቋረጠ መብራቱ ይጠፋል። አንዱ ከላላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

ሽቦ ሲላላ ምን ይሆናል? ሁለቱ ጫፎች አንዴ ይነካካሉ፣ አንዴ ይለያያሉ። በመካከላቸው ትንንሽ የእሳት ብልጭታ ይፈጠራል። ቦታው ይግላል። ሲግል ብረቱ ይዝጋል፣ ብሎኑም የባሰ ይላላል። እንዲህ እያለ የሽቦው ልባስ ይቀልጣል። በአጠገቡ የሣር ክዳን፣ ጭድ ወይም ደረቅ እንጨት ካለ እሳት ይነሳል። መብራቱን መታ አድርገን ስናበራው የላላው ቦታ ለጊዜው ይነካካል እንጂ አይጠብቅም። እሳቱ ከውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

2. በመጀመሪያ እንጠይቅ

ከብት ሲታመም መድኃኒት ከመፈለጋችን በፊት «መቼ ጀመረው? ምን በላ? ሌሎቹስ ደህና ናቸው?» እንላለን። ለመብራትም ሦስት ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፤ ብልጭ ድርግም የሚለው አንድ መብራት ነው ወይስ የቤቱ ሁሉ? አንድ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በዚያው አምፖል፣ በአምፖሉ መያዣ፣ በማብሪያ ማጥፊያው ወይም ወደ እነሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ነው። ሁሉም ከሆነ ጥፋቱ ከቆጣሪው አካባቢ ወይም ከምሰሶው በኩል ነው።

ሁለተኛ፤ የጎረቤትስ? የጎረቤትም መብራት አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ ጥፋቱ ከቤታችን ውጭ ነው።

ሦስተኛ፤ መቼ ነው? ነፋስ ሲነፍስ ወይም ዝናብ ሲዘንብ ከሆነ በውጭ ያለ ሽቦ ላልቷል ወይም ዛፍ ይነካዋል። የሰፈሩ ወፍጮ ሲነሳ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። የተጫነ ጋሪ ከቆመበት ለማንቀሳቀስ ፈረሱ አብዝቶ መሳብ አለበት፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ይቀለዋል። የወፍጮ ሞተርም ሲነሳ፣ እየዞረ ሳለ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ሊወስድ ይችላል። ያን ጊዜ የሰፈሩ መብራት ለአፍታ ይደክማል። ከላይ ያለ ገበሬ ትልቁን ቦይ ድንገት ሲከፍት ከታች ያለው ውሃ እንደሚያንሰው ማለት ነው። ለአፍታ ደክሞ የሚመለስ ከሆነ የቤታችን ጥፋት አይደለም።

3. አንድ መብራት ብቻ ሲሆን

ይህን ብዙ ጊዜ ራሳችን ልናበጀው እንችላለን። ግን አንድ ሕግ አለ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ማቋረጫ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ለምን? አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል ሲበራ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ የአንድ አምፔር ከሺህ 45 እጅ ያህል ነው። በሰው ልብ ውስጥ ካለፈ ከሺህ 30 እጅ እንኳ ሊገድል ይችላል። እንግዲህ ትንሽ የምንላትን አምፖል የሚያበራ ኤሌክትሪክ ሰውን ለመግደል ከበቂ በላይ ነው።

ሥራው በቀን ብርሃን ይሠራ። እጅም እግርም ይድረቅ፤ ጫማ ይደረግ። መቆሚያው ደረቅ የእንጨት በርጩማ ወይም መሰላል ይሁን። ዋናውን ማቋረጫ ካጠፋን በኋላ ሌላ ሰው መልሶ እንዳያበራው ለቤተሰቡ ሁሉ እንናገር። ልጅም ቢሆን ከማቋረጫው አጠገብ ቆሞ ቢጠብቅ መልካም ነው። ኤሌክትሪኩ መቋረጡን በቴስተር እናረጋግጥ። ከዚያ በተራ እንዲህ እናድርግ።

ሀ) አምፖሉ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ እናጥብቀው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአምፖሉ መላላት ብቻ ነው።

ለ) ካልተሻለው አምፖሉን ደህና በሚሠራ አምፖል እንለውጠው። አዲሱ በደንብ ከበራ ጥፋቱ የአሮጌው አምፖል ነበር።

ሐ) አዲሱም ብልጭ ድርግም ካለ እንደገና ዋናውን አጥፍተን የአምፖሉን መያዣ ውስጥ እንመልከት። መሀሉ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ወደ ውስጥ ተጫጭና ከሆነ አምፖሉን አትነካውም። በደረቅ ስንጥር ቀስ አድርገን ወደ ውጭ እናንሳት። መያዣው ከጠቆረ፣ ከቀለጠ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ግን ይጣል፤ በአዲስ ይለወጥ።

መ) የመያዣውንና የማብሪያ ማጥፊያውን ክዳን ከፍተን ሽቦዎቹን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ እናጥብቅ። ከዚያ ሽቦውን በቀስታ እንሳበው። ከወጣ አልተያዘም ማለት ነው። ጫፉ ጠቁሮ ከሆነ ቆርጠን፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልባሱን ገፍፈን፣ ክሮቹን አንድ ላይ ጠምዝዘን እንሰር። ከብሎኑ ውጭ የቀረ ራቁት ክር አይኑር።

ሠ) ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ የሚንጫጫ፣ የሚግል ወይም ብልጭታ የሚያሳይ ከሆነ ውስጡ አርጅቷል። አይጠገንም፤ ይለወጣል። ዋጋው ከአንድ ቤት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ረዥም ዘንግ የሚመስለው ፍሎረሰንት መብራት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ለመነሳት እየሞከረ ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ በጎኑ ያለችው ስታርተር አርጅታ ይሆናል። ሁለቱ ጫፎቹ ከጠቆሩ ዘንጉ ራሱ ዕድሜውን ጨርሷል።

4. ጠፍቶም የሚበራ አምፖል

አንዳንድ ሰው «መብራቱን አጥፍቼው ሌሊት ብልጭ ብልጭ ይላል» ይላል። ጉዳዩ የጋኔን አይደለም። ይህ ብዙውን ጊዜ በኤልኢዲ አምፖል ላይ ይታያል። እነዚህ አምፖሎች በጣም ጥቂት በሆነ ኤሌክትሪክ ብልጭ ሊሉ ይችላሉ።

አንዱ ምክንያት ማብሪያ ማጥፊያው በተሳሳተው ሽቦ ላይ መታሰሩ ነው። መቁረጥ የነበረበት መምጫውን፣ ማለትም ፌዙን ነው። መመለሻውን ብቻ ከቆረጠ አምፖሉ የጠፋ ቢመስልም መያዣው ውስጥ 220 ቮልት ቆሞ ይጠብቃል። «ጠፍቷል» ብሎ አምፖል ሊቀይር የወጣ ሰው ይያዛል። እንግዲህ ዋናውን ማቋረጫ ሳናጠፋ አምፖል አንንካ የምንለው ለዚህ ነው። ሽቦውን አስተካክሎ የሚያስር የሠለጠነ ባለሙያ ይጠራ።

5. የቤቱ መብራት ሁሉ ሲሆን

ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ሁሉ ደክሞ፣ ምጣዱ እስኪነቀል እንደደከመ የሚቆይ ከሆነ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ ቦታ ላልቷል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህ 350 ባለ 10 ዋት አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ምጣድ መሰካት በአንድ አህያ ላይ የአምስት አህያ ጭነት እንደመጫን ይቆጠራል። ምጣድ ከማቋረጫው የሚነሳ የራሱ ወፍራም ሽቦ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የከፋው ምልክት ይህ ነው። አንዱ መብራት ከልኩ በላይ ቦግ ይላል፣ ሌላው ይፈዛል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ይህ ከምሰሶው ወይም ከቆጣሪው በኩል የመመለሻው ሽቦ መላላቱን ሊያሳይ ይችላል። ራዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ሳንዘገይ ዋናውን ማቋረጫ አጥፍተን ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት እናመልክት። የታሸገ ቆጣሪ መክፈትና ምሰሶ ላይ መውጣት የእኛ ሥራ አይደለም።

በብዙ ቀበሌዎች ሌላም ችግር ይታያል። ከአንድ ቆጣሪ አራትና አምስት ቤት በቀጭን ሽቦ ይቀጠላል። ሽቦው በአጥር ላይና በባሕር ዛፍ መካከል ይጎተታል። መጋጠሚያው በእጅ ተጠምዝዞ በፌስታል ይጠቀለላል። ፌስታል ዝናብ አይከለክልም፤ ሲግልም ይቀልጣል። የአሉሚኒየም ሽቦና የመዳብ ሽቦ አንድ ላይ ከተጠመዘዙ ደግሞ መጋጠሚያው ይበላል፣ ይላላልም። ለእነዚህ የተሠራ ማያያዣ አለ። ከሁሉም የሚሻለው ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆጣሪ ማስገባቱ ነው። ጎረቤትን መርዳት ደግ ነው። የጎረቤትን ልጆች ለእሳት ማጋለጥ ግን እርዳታ አይደለም።

6. እነዚህን አናድርግ

ፊዩዝ ሲቃጠል በምስማር ወይም በወፍራም ሽቦ አንተካው። ፊዩዝ ዘበኛ ነው። ዘበኛውን አሥሮ ሌባን መጠበቅ አይቻልም።

ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ በእጃችን አንጎትተው፤ እኛም እንያዛለን። በመጀመሪያ ዋናውን ማቋረጫ እናጥፋ። ማጥፋት ካልተቻለና የያዘው የቤት ውስጥ ሽቦ ከሆነ፣ በደረቅ ነገር ላይ ቆመን ሽቦውን በደረቅ እንጨት እናርቅለት። ከተለቀቀ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ እጆቻችንን ደራርበን ደረቱ መሀል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ አጥብቀን እንጫን፤ አንድ ሰው ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጥ። ከምሰሶ ወድቆ መሬት ላይ የተዘረጋ ሽቦ ግን በእንጨትም አይነካም። ሰውም ከብትም ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ፣ ባለሙያው እስኪመጣ ይጠበቅ።

ከሽቦ እሳት ቢነሳ ውሃ አንድፋ። ኤሌክትሪኩን አቋርጠን ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ እንድፋበት።

ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያለበት ቤት ሰው ተኝቶ የሚያድርበት፣ እህልም የሚከማችበት ቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ያየነውን ምልክት ለነገ አናሳድር። የማናውቀው ከሆነ ዋናውን አጥፍተን አንድ ሌሊት በጨለማ ማሳለፍ ይሻላል።

ጥያቄዎች

1. መብራት መታ ሲደረግ ቢበራም ጥፋቱ አልተወገደም የሚባለው ለምንድን ነው?
2. አምፖል ከመለወጥ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ የማይበቃው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ የአንድ መብራት ጥፋትና የቤቱ ሁሉ ጥፋት በምን ይለያል?
4. በሰፈራችሁ ከአንድ ቆጣሪ የሚቀጥሉ ስንት ቤቶች አሉ? ምን ቢደረግ ይሻላል? ተወያዩበት።