መኪናዬን የቧጨርኳት እኔው ነኝ

ሁለት ዓመት ሙሉ የላቫጆውን ልጅ በሆዴ ስረግመው ኖሬያለሁ። ጥፋቱ ግን አብዛኛው የእኔ ነበር።

አንድ ምሽት ነዳጅ ማደያ ተሰልፌ ሳለሁ የጣሪያው ነጭ መብራት ኮፈኑ ላይ አረፈ። መኪናዬ ጥቁር ኮሮላ ናት። ቀን ቀን መስተዋት የሚመስለው ኮፈን በዚያ መብራት ስር ሸረሪት ያደራበት መሰለ። ቀጫጭን መስመሮች መብራቱን ከበው ክብ ሠርተዋል። ወርጄ በእጄ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት፤ ንቅንቅ የለም።

በሳምንቱ የማውቀው ባቲላሜራ ጋ ወሰድኳት። የስልኩን መብራት አብርቶ ኮፈኑን ከግራም ከቀኝም ሲያይ ቆየና «እህቴ፣ በምንድን ነው የምታደርቂያት?» አለኝ። በምን እንደምትታጠብ አልጠየቀም። ከወንበሩ ስር ጨርቄን መዝዤ ሰጠሁት፤ የወንድሜ አሮጌ ካናቴራ ነው። አገላብጦ አየውና ስፌቱን በጥፍሩ ፈተግ ፈተግ አደረገው። ደቃቅ አሸዋ መዳፉ ላይ ረገፈ።

«ይኸውልሽ» አለኝ፤ «ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጊ።»

እንጀራ ስንበላ አሸዋ ጥርሳችን ስር ከገባ፣ አንዲት ፍሬ እንኳ ብትሆን ወዲያው እናውቃታለን። መኪና ግን አፍ የላትም። ጨርቁ ስር የገባችውን ፍሬ ከጣሪያ እስከ በር ስንጎትታት ዝም ብላ ትቧጨራለች።

ቆርቆሮው ላይ መጀመሪያ መሠረት ይቀባል፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ግልጽ ሽፋን። የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ውፍረቱ 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ አንዲት የራስ ፀጉር እንኳ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ትወፍራለች። የአሸዋ ዋነኛ ማዕድን ኳርትዝ ደግሞ ከ1 እስከ 10 በሚቆጠረው የሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል። መስታወት ይቧጥጣል። እንግዲህ ክሊሩን ምን እንደሚያደርገው አስቡት።

አንድ ነገር ላርማችሁ። ጭረቶቹ ክብ የሚመስሉት በክብ ስላሸን ብቻ አይደለም። መኪናው ላይ ያለው ጭረት በየአቅጣጫው የተበታተነ ነው፤ ወደ ዓይናችን ብርሃን የሚመልሱት ግን መብራቱን ከብበው የተሰለፉት ብቻ ናቸው። ስልካችሁን አብርታችሁ ብታንቀሳቅሱት ክቡም አብሮ ይሄዳል። ጥቁር መኪና ላይ ይጎላል፣ ነጭ ላይ ይደበቃል እንጂ ነጩም አልተረፈም።

ታዲያ እርጥቡን ትተነው በራሱ ይድረቅ? እሱም ችግር አለው። ውሃው ሲተን በውስጡ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ቀለሙ ላይ ይቀራል። በጉድጓድ ውሃ የታጠበች መኪና ፀሐይ ላይ ስትደርቅ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ የምታወጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማድረቅ ያስፈልጋል። ቁም ነገሩ በተቻለ መጠን ሳይነኩ ማድረቅ ነው። እኔ አሁን የማደርገው ይኸው፦

1. ሰዓትና ቦታ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ጥላ ስር። ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ይሁን። ፀሐይ ላይ ከሆነ ግማሹን ሳታዳርሱ ሌላው ግማሽ ደርቆ ነጠብጣብ ያወጣል።

2. ውሃውን በውሃ ማውረድ። ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ከለቀቀ በኋላ የጎማውን ቱቦ አፍ ክፍት አድርጋችሁ፣ ሳትረጩ፣ ከጣሪያው ጀምሮ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ውሃው እንደ አንሶላ ተያይዞ ሲወርድ ጠብታዎቹን እየጠራረገ ይዟቸው ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ፦ ንጹህ ውሃ በባልዲ ያዙና በጆግ፣ ከቅርብ ሆናችሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። እኔ ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው የምሠራው።

3. አለማሸት። ሰፊ የማይክሮፋይበር ፎጣ ኮፈኑ ላይ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ዘርጉት። ለጥቂት ሰከንድ ተዉት፤ ውሃውን ራሱ ይጠጣዋል። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። አትጫኑት። በሮቹ ላይ ደግሞ እንደ ሕፃን ገላ እያስነካችሁ ማንሳት ብቻ።

4. ከላይ ወደ ታች። ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የኋላ ክዳን፣ ጎኖቹ። ከበሩ ወገብ በታች ያለው፣ ጭቃ የሚረጭበት ቦታ፣ የራሱ ጨርቅ ይኑረው። ቸርኬውና የበሩ ውስጥ ጠርዝ ሌላ ጨርቅ። የቸርኬውን ጨርቅ ወደ ኮፈን የሚመልስ ሰው አሸዋ በእጁ እየዘራ ነው።

5. የወደቀ ፎጣ አበቃለት። መሬት ከነካ አራግፎ መቀጠል የለም፤ ታጥቦ እስኪመጣ ያርፋል።

መጨረሻ ላይ ስፖኪዮው ውስጥና የበር እጀታው ስር የተደበቀ ውሃ ይንጠባጠባል። ትንሽ ነድታችሁ ተመለሱና እሱን ብቻ አንሱት፤ ፍሬኑም አብሮ ይደርቃል።

ማይክሮፋይበር ለምን? ክሮቹ እጅግ ቀጫጭን ናቸው፤ ውሃ አብዝተው ይይዛሉ፣ የቀረች ብናኝ ብትኖር ደግሞ በጸጉሩ መሃል ትገባለች እንጂ ከቀለሙ ጋር ተጣብቃ አትጎተትም። ቆዳ መሰሉ ለስላሳ ጨርቅ ውሃ መምጠጡ አይታማም፤ ነገር ግን ገጹ ልሙጥ ስለሆነ አሸዋዋ የምትሸሸግበት የለም። ስትገዙ ጠርዙን ዳስሱ፣ የተሰፋበትን ምልክት በመቀስ አንሱ። ስታጥቡት ከጥጥ ልብስ ጋር አትቀላቅሉት፣ የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩበት፤ ማለስለሻው ክሩን ይሸፍነውና ውሃ መጠጣት ይተዋል። በጣም በሞቀ ውሃ አትዘፍዝፉት፣ አትተኩሱትም።

ጨርቃችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ቤት የቀረ አሮጌ ሲዲ አውጡ። የሚያብረቀርቀውን ፊቱን በምታደርቁበት ጨርቅ፣ መኪናውን በምታሹበት ጉልበት፣ አሥር ጊዜ አሹት። ከዚያ በስልክ መብራት እዩት። ሲዲ ከክሊር ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ፈተናው ጠንከር ይላል፤ ሲዲውን ያልቧጨረ ጨርቅ ግን ብዙውን ጊዜ ለመኪናችሁ ይሆናል። የወንድሜ ካናቴራ ያደረገውን አልነግራችሁም።

ላቫጆ የምታሳጥቡ፦ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው በመኪና ቁጥር ነው፤ መቻኮላቸው አይገርምም። ንጹህ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ። «ወንድሜ፣ በደንብ አለቅልቅልኝ፣ ማድረቁን ለኔ ተውልኝ» በሉት። አይከፋውም፤ ሥራ ቀነሳችሁለት።

የተቧጨረውንስ ፖሊሽ ያጠፋዋል? ያጠፋዋል፤ የሚያጠፋው ግን ክሊሩን ፍቆ ከጭረቱ ጋር እኩል በማድረግ ነው። ያ ስስ ሽፋን በፖሊሽ ቁጥር ይሳሳል። ባቲላሜራው የኔን አንድ ጊዜ አጽድቶ «ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ አትምጪብኝ» ብሎ ሸኝቶኛል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋት ልምጣ። መኪናዬ የምትታጠበው በሳምንት አንዴ ነው። በቀረው ስድስት ቀን ግን ጠዋት ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ትወለወል ነበር፤ ስቸኩል በእኔ፣ ሳልነሳ በዘበኛችን። ዝናብ ካደረ ደግሞ «ረጥባለች፣ ታጥባለች» ብለን እናደርቃታለን። የረጠበች መኪና የታጠበች መኪና አይደለችም፤ አቧራው ጭቃ ሆኖ እዚያው አለ። ጥቁሩ ኮፈን ላይ ያ ሁሉ ድር ያደራው በአብዛኛው ይኼ የጠዋት ውልወላ ነው።

ለአዛውንቱ ዘበኛችን ይህን መንገር ከበደኝ። ጎህ ሲቀድ ተነስተው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ የሚያደርጉት ደግነት ነው። አንድ ቀን ያንን ሲዲ ይዤላቸው ወረድኩ። በራሳቸው ጨርቅ አሸት አድርገው ወደ ፀሐዩ አዞሩትና ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስወጣ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩን ይከፍቱልኛል።

«ልጄ፣ ዛሬም ሳልነካት?»

«ተዉልኝ አባባ፤ አቧራዋን ለብሳ ትዋል።»