የሐኪሙ ሰዓት የማን ነው?



በአንድ ሰፈር ሐኪም ሲኖር ሰፈሩ ሁሉ ይኮራል። ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው፣ አዛውንት ወድቀው ሲጎዱ፣ ወላድ ምጥ ሲጠናባት ከሁሉ ቀድሞ ከአፍ የሚወጣው ቃል «ዶክተሩን ጥሩት» የሚል ነው። መልካም ነው፤ እውቀት የተሰጠው ሰው ሊያካፍል ይገባዋል። ነገር ግን ያ ዶክተር ትናንት ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ልጆቹን ቁጭ ብሎ ካነጋገራቸው ስንት ቀን እንደሆነው፣ እናቱን ሳይዘይር ስንት ጁምዓ እንዳለፈ የሚጠይቅለት ሰው ጥቂት ነው። በዚህ እትማችን ልንነጋገርበት የወደድነው ይህ ጉዳይ ነው። የሐኪም ቀን እንደማንኛውም ሰው ቀን ሃያ አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ በዚያች ቀን ላይ ግን ብዙ ባለሐቆች ተሰልፈውባታል።

ለምሳሌ የምናነሣቸው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ እየኖሩ አዲስ አበባ የሚሠሩትን ሐኪሞች ነው። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የቤት ኪራይ ውድነት ብዙውን ደመወዝተኛ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር እየገፋው ሲመጣ ሐኪሙም አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ በእነርሱ ቀን ውስጥ ሥራው፣ መንገዱ፣ የቤቱ ጉዳይና ቤተሰቡ አንድ ላይ ሲገፋፉ በግልጽ ይታያል።

ሦስት ከተሞች፣ ሦስት መንገዶች

ሰበታ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በፋብሪካዎቿና በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ ትታወቃለች። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከዚያው ነው። ይሁን እንጂ ባቡሩ ጭነትና የሩቅ መንገደኛ እንጂ የጠዋት ሠራተኛ የሚያመላልስ አይደለምና ሐኪሙ በዓለም ገና፣ በአየር ጤና አድርጎ በታክሲ ወይም በሃይገር ይገባል። የቡራዩ ሰው ደግሞ በአምቦ መንገድ፣ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚያጠጣውን የገፈርሳን ግድብ ከኋላው ትቶ በአስኮ፣ በዊንጌት በኩል ይመጣል። ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ጋራ ማዶ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ለሯጮቻችን ልምምድ ተመራጭ ሆኗል። ለጠዋት ተጓዥ ግን ያ ከፍታ ብርድና ጉም ነው፤ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፉ ወደ አዲሱ ገበያ መውረድም አለበት።

የብዙዎቹን ቀን አንድ ላይ ብናስቀምጠው የሚከተለውን ይመስላል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ሱብሒን ይሰግዳል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በርሜሉ መሙላቱን ያያል። ልጆቹ ገና እንደተኙ ግንባራቸውን ስሞ ይወጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ 2 ሰዓት ሳይሞላ ለመድረስ ይጣደፋል። ከዚያ የተኙ ሕሙማን ጉብኝት፣ ከዚያ ተመላላሽ ክፍል፣ በመካከሉ የድንገተኛ ክፍል ጥሪ አለ። ዙህርን በጠባብ ክፍል ይሰግዳል፤ ምሳው አንዳንዴ ሻይና ዳቦ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ብዙው ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል፤ የመንግሥት ደመወዝ ብቻውን ቤት አያቆምምና። የጤና ባለሙያዎች በ2011 ዓ.ም.ም፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦትም የኑሮና የደመወዝ ጥያቄ ይዘው የተነሡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤቱ የሚደርሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። የአዳር ተራ ከደረሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይመለስም፤ ሌሊቱን አድሮ ቀጣዩንም ቀን ሊውል ይችላል።

በዚህ ላይ የኑሮ ጉዳይ አለ። ጤፍ ማስፈጨት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የመብራት ሒሳብ፣ ወረዳ ሄዶ መታወቂያ ማሳደስ፣ የጎረቤት ለቅሶ፣ የዘመድ ኒካሕ፣ የጓደኛ አቂቃ ሁሉም ቀን ይፈልጋሉ። ቅዳሜና እሑድ የተባሉት ቀናት ለእነዚህ አይበቁም።

የተኛና ያልተኛ ሐኪም

አንዳንድ ሰው «ሐኪም ቃል የገባ ሰው ነው፤ ይቻለው» ይላል። ጉዳዩ ግን የሐኪሙ ምቾት ብቻ አይደለም፤ የሕመምተኛው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶውሰንና ሪድ የተባሉ በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የአእምሮና የእጅ ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 ፐርሰንት አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይተዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ጠብታ መጠጥ ያልቀመሰ፣ አላህን የሚፈራ ሙስሊም ሐኪም እንቅልፍ ስላጣ ብቻ እጁ እንደ ሰካራም እጅ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በቦስተን የታተመ ጥናትም በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ ወጣት ሐኪሞች ከ24 ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ተራ ሲሠሩ፣ ተራቸው ካጠረላቸው ጊዜ ይልቅ ከባድ ስሕተታቸው በ36 ፐርሰንት ገደማ እንደሚጨምር አረጋግጧል።

በአሜሪካ ይህ ጉዳይ መነጋገሪያ የሆነው ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ1984 በኒውዮርክ ሆስፒታል ከሞተች በኋላ ነበር። ያከሟት ረጅም ሰዓት የሚሠሩ ሰልጣኝ ሐኪሞች ነበሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ አገሪቱ የሰልጣኝ ሐኪሞች ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወሰነ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ወሰኑ 48 ሰዓት ነው። በእኛ አገር የሐኪሙ ቁጥር አነስተኛ፣ የሕመምተኛው ብዛት ከፍተኛ በመሆኑ እንዲህ ያለውን ወሰን ማክበር ቀላል አይሆንም። ስለዚህም ነው የሐኪሙን ዕረፍት መጠበቅ የሆስፒታሉ ብቻ ሳይሆን የቤቱና የሰፈሩም ሥራ የሚሆነው።

ከቀደሙት የምንማረው

ሐኪም ጉዳይ የበዛበት ሰው መሆኑ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው ወደ ሕንድ ተወስደው እዚያ ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው። አገሩም ሐኪምነታቸውን ብቻ አልፈለገም። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ፣ በኋላም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ አደረጋቸው።

ኢብኑ ሲናም (ከ980 እስከ 1037 እ.ኤ.አ.) በሐመዳን ሚኒስትር በነበረ ጊዜ ቀኑን በመንግሥት ሥራ ይውል ነበር። ሌሊቱን ተማሪዎቹን ሰብስቦ ያስተምር፣ ታላላቅ መጻሕፍቱንም ይጽፍ እንደነበር ተማሪው አል-ጁዝጃኒ ተርኳል። ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠቀመበት «አል-ቃኑን» በዚህ ድካም መካከል የተጻፈ ነው። ይሁንና ተማሪው እንደሚነግረን ለገዛ አካሉ አይራራም ነበር። በያዘው የሆድ ቁርጠት እየታመመም ከጉዞና ከሥራ አላረፈም፤ በ57 ዓመቱ አረፈ። የዘመኑን ታላቅ ሐኪም እውቀቱ ከድካም አላዳነውም።

በዚህ ረገድ የሰልማን አል-ፋሪሲና የአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ታሪክ ለሁላችንም ትምህርት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱን ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ሰልማን ሊዘይር ሲሄድ የአቡ ደርዳእን ሚስት ራሷን ጥላ አገኛት። ባሏ ቀኑን በጾም፣ ሌሊቱን በሶላት እያሳለፈ ቤቱን ረስቶ ነበር። ሰልማን ያን ዕለት ምግብ አብሮት እንዲበላ አደረገው፤ ሌሊቱም ሲጀምር እንዲተኛ ነገረው፤ በመጨረሻው ክፍል ተነሥተው አብረው ሰገዱ። ከዚያም ጌታው፣ ነፍሱና ቤተሰቡ ሁሉም በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው፣ ለእያንዳንዱ ሐቁን መስጠት እንደሚገባ መከረው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገሩን አጸደቁ። ልብ እንበል፤ አቡ ደርዳእን ከቤተሰቡ የለየው ጨዋታ ወይም ዛዛታ ሳይሆን ዒባዳ ነበር። መልካም ሥራ እንኳ የሌላውን ሐቅ ሲበላ ልክ ያስፈልገዋል። ሰውን ማዳንም ታላቅ ዒባዳ ነው፤ ሚዛኑ ግን ያው ነው።

ሐኪሟ እናት

ሐኪሙ ሴት ስትሆን ሸክሙ እጥፍ ነው። ከአዳር ተራ ወጥታ ቤት ስትገባ የሚጠብቃት ጓዳ አለ፤ ሊጥ አለ፤ የሚጠባ ሕፃን አለ። ሕጋችን ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከነደመወዟ ፈቅዷል። ከእነዚያ ቀናት በኋላ ግን ሕግ የማይደርስበት፣ ባልና ቤተ ዘመድ ብቻ የሚደርሱበት ሥራ ይቀራል። «ሴት ሐኪም ለሴቶቻችን ያስፈልጋሉ» እያልን በየመስጂዱ እንመኛለን፤ እውነትም ያስፈልጋሉ። እንዲኖሩን ከፈለግን ግን ሚስቱ ሐኪም የሆነች ባል ልጅ ማጠብንና ወፍጮ ቤት መሄድን እንደ ውርደት ሊቆጥረው አይገባም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ይረዱ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች።

ምን ይደረግ?

ሃያ አራቱን ሰዓት መጨመር አንችልም። መካፈል ግን እንችላለን።

1ኛ. ጉዳዩን ከቤት እናስወጣ። የመብራትና የውኃ ሒሳብ፣ ብዙ የትምህርት ቤት ክፍያም ጭምር በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ወይም በባንክ የስልክ አገልግሎት ሊከፈል ይችላል። ይህንን ያደገ ልጅ ሊይዘው ይችላል፤ አባቱን ከግማሽ ቀን ሰልፍ ያድነዋል።

2ኛ. የቤተሰብ ቀን ይወሰን። ረጅም መሆን የለበትም። በሳምንት አንድ ማታ፣ ስልክ ተቀምጦ፣ ልጆቹ ከመድረሳ የተማሩትን ሱራ የሚያሰሙበት፣ አንድ ማዕድ የሚቀርብበት ይሁን። የአዳር ተራ ከወደቀበት ይዘዋወር እንጂ አይሰረዝ።

3ኛ. ከአዳር የመጣ ሐኪም ይተኛ። ልጆች ድምፅ ይቀንሱ፤ እንግዳም በሰዓቱ ይምጣ።

4ኛ. የሐኪሙ በር የመጀመሪያው በር አይሁን። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፤ ጤና ጣቢያም አለ። ክትባት፣ የደም ግፊት መለካት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል እዚያ ይሠራል። የደረት ውጋት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የማያቆም ደም፣ ድንገተኛ ሽባነት ሲያጋጥም ደግሞ ጎረቤት ዶክተርን ከእንቅልፍ መቀስቀስ ሰዓት ያባክናል፤ በእጁ መሣሪያ የለውም። ወደ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሎ ወይም በተገኘው መኪና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ ይሻላል።

5ኛ. በዕድርና በለቅሶ ይቅር እንባባል። ሐኪሙ ጀናዛ ላይ ቢቀር «ንቆን ነው» አንበል። በሌላ ቀን ሲመጣ በፈገግታ እንቀበለው።

6ኛ. ሐኪሙም በበኩሉ «አልችልም» ማለትን ይልመድ። ማታ የሚያገኘው ተጨማሪ ገንዘብ የልጆቹን የልጅነት ዘመን የሚያስከፍለው ከሆነ ሒሳቡን ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይሥራ። ስንት እንደሚበቃቸው አብረው ይወስኑ።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይ ሕክምና ለመማር የምታስቡ፣ ይህን ያልነው ልባችሁን ለማሸበር አይደለም። ትምህርቱ ከ6 እስከ 7 ዓመት፣ ስፔሻሊቲው ደግሞ ተጨማሪ 3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። አገሩም ወገኑም ይፈልጋችኋል፤ ግቡበት። ነገር ግን ከወዲሁ ጊዜያችሁን ማደል ተማሩ። የዛሬ ተማሪ ፈተና ደርሷል ብሎ እናቱን ከረሳ፣ ነገ ሕመምተኛ በዝቷል ብሎ ልጁን ይረሳል።

የሐኪሙ ሰዓት የሕመምተኛው ነው፤ የሚስቱና የልጆቹ ነው፤ የወላጆቹ ነው፤ የገዛ አካሉ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሰጠው የአላህ ነው። አንዱ ሁሉን ሲወስድ ሌላው ይጎዳል፤ በመጨረሻም ሕመምተኛው ራሱ የደከመ እጅ ላይ ይወድቃል። ዛሬ ማታ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚያዘግም ሐኪም ብታዩ ስለ ራስ ምታታችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰላምታ ሰጥታችሁ አሳልፉት፤ ልጆቹ ሳይተኙ ይድረስ።

አላህ ለሐኪሞቻችን ጤናና በረካ ያለው ጊዜ ይስጣቸው፤ ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን ያውርድ። አሚን።