ሴት መምህራን በሠራተኛ ማኅበርና በማኅበረሰብ መካከል፦ መብቶችና አሠራሮች

በሰሜን ሸዋ ዞን ከአንኮበር ተራሮች ግርጌ የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቅፍለት ነጋዴዎች የሚያርፉባት የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። በዚህችው ከተማም ሆነ እስከ ሸዋ ሮቢት በሚዘልቀው የይፋት ቆላ አንዲት ተማሪ ከክፍል ስትቀር ምክንያቱ የእርሻ የቀን ሥራ፣ የቤተሰብ ችግር ወይም ያለዕድሜ ጋብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድማ ለመገንዘብ ቅርብ የሆነችው መምህሯ ናት። ይሁንና መምህሯ የራሷ የሥራ ዋስትና ካልተጠበቀና ከጎኗ የሚቆም አካል ከሌለ የተማሪዋን መብት ለማስከበር ትቸገራለች። ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙት በዚህ ነው።

የታሪክ ልምድ

በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርግ ከደመወዝ ጥያቄ ጋር «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውሟል። ዕቅዱ የድኻ ልጆችን የመማር ዕድል ያጠብባል ብለው የሠጉ ወላጆችም ተቃውሞውን ደገፉ፤ ዕቅዱም ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ። የመምህራኑ ጥያቄ ክብደት ያገኘው ከወላጆች ሥጋት ጋር በመገናኘቱ ጭምር ነበር።

የትኛው ሕግ ይመለከታል?

በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህራን የሚተዳደሩት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሲሆን የሚደራጁትም በመምህራን ማኅበር ነው። በግል ትምህርት ቤትና መዋዕለ ሕፃናት የሚሠሩት ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይሸፈናሉ። በአዋጁ መሠረት፦

• 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ከ10 በታች ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩ መምህራንም፣ የአባላቱ ቁጥር ከ10 እስካላነሰ ድረስ፣ በጋራ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ። ይህ በአነስተኛ ከተሞች ለሚገኙ ትንንሽ መዋዕለ ሕፃናት መምህራን ጠቃሚ ነው።
• ለምዝገባ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ እንዲሁም የመሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይቀርባል።
• የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ ሠራተኛዋን መብቷን አያሳጣትም።
• ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች።
• በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳ የተከለከለ ነው።

ከማኅበረሰቡ ጋር መሥራት

ከ18 ዓመት በታች የሚፈጸም ጋብቻ በቤተሰብ ሕግ የተከለከለ ሲሆን በወንጀል ሕግም ያስጠይቃል። ሆኖም አንዲት መምህርት የጎረቤቷን ልጅ ሠርግ ብቻዋን ብትጠቁም ቂም ሊያዝባት፣ ከማኅበራዊ ኑሮም ልትገለል ትችላለች። ጉዳዩ በመምህራን ማኅበሩ ውስጥ ተመክሮበት ለወላጅ መምህር ኅብረት፣ ለቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና ለዕድር መሪዎች ሲቀርብ ግን ኃላፊነቱ የጋራ ይሆናል። መምህርቷም ለበቀል የመጋለጥ ዕድሏ ይቀንሳል፤ ቤተሰቡም በሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ይመከራል። ምክሩ ሰሚ ካጣ ወይም ሠርጉ ከቀረበ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሳይዘገይ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የእያንዳንዱ አካል ድርሻ

የሠራተኛ ማኅበር ከአሠሪ ጋር ስለ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ይደራደራል፤ ዕድር ይህን ማድረግ አይችልም። ዕድር በበኩሉ በየቤቱ ተሰሚነት አለው፤ ማኅበሩ ይህ የለውም። በሁለቱም አባል የሆነች መምህርት የአንዱን ጉዳይ ለሌላው ማድረስ ትችላለች። ስለሆነም የሥራ መብት ጥያቄ ያላቸው የግል ትምህርት ቤት መምህራን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የመንግሥት መምህራን ደግሞ በትምህርት ቤታቸው ወዳለው የመምህራን ማኅበር በመቅረብ አገልግሎት ማግኘት ይችላሉ።