ተጨማሪ መረጃ፦ አንጀትና ካንዲዳ
ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለው ፈንገስ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አንጀት ውስጥ ይኖራል። ክብ እርሾ ሆኖ እስከቆየ ድረስ እምብዛም አይጎዳም፤ ጣጣው ረጃጅም ክር አውጥቶ ሲያድግ ነው። ክሩ የአንጀትን የውስጥ ሽፋን ሰርስሮ ሊገባ ይችላል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን ካንዲዳላይሲን የተባለ መርዝም ያመነጫል።

ሰውነት ፈንገሱን የሚለየው በምንድን ነው? በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ ያለው ዴክቲን-1 የተሰኘ ተቀባይ፣ በፈንገሱ ግድግዳ የሚገኘውን ቤታ-ግሉካን የተባለ የስኳር ሰንሰለት ይይዛል። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን አንጀት ውስጥ የሚመነጨው አይጂኤ የተባለው አንቲቦዲ ነው፤ በአብዛኛው ክሩን እየመረጠ ይጣበቅበታል፣ ክቡን እርሾ ብዙም አይነካውም።

ባክቴሪያዎችም ቦታና ምግብ እየተሻሙ ፈንገሱን ያግዱታል። አንቲባዮቲክ ደግሞ እነዚህን ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዱ።